ስለ ሁለቱ ጽዋዎች



እግዚአብሔር ለሰው ከሰጣቸው ስጦታዎች አንዱ፥ እኛም ሳናመሰግንበት የምንኖረው፥ ማስታወስ ነው። ማስታወስ ባይኖር ልጅ እናቱን፥ ባለዕዳ ዕዳውን፥ ኃጢአተኛም ኃጢአቱን ባላወቀ ነበር፤ ንስሐም ባልተገኘ ነበር። መተማ የሚለውን ስም ስንሰማ አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በዚያ መውደቃቸውን እናስባለን። ያንን ቀን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ የለም፤ ነገር ግን አባት ለልጁ ስለ ነገረ ነገሩ አልሞተም። እንግዲህ የሰውን ገንዘብ የወሰደ ሌባ ከተባለ፥ የሰውን ማስታወስ የሚወስድ ምን ይባላል? ይህን ቃል በገለጉና በመተማ ቆላ ለምትኖር፥ ወይም ሰሊጥ በሚታጨድበት ወራት ከደጋ ለሥራ ለምትወርድ ለአንተ እጽፋለሁ። ብዙ እንግዳ በሚገናኝበት ምድር ሰውን የሚያስረሳ ጽዋ የሚያስፈራ ነውና።

በአገራችን በመንገድ ዳርና በፍርስራሽ አጠገብ አስተናግር የሚባል ተክል ይበቅላል። አበባው መለከት ይመስላል፤ ፍሬው እሾኻም ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው የቀመሰውን ሰው ያስለፈልፈዋል፤ ሰውዬው የሌለውን ያያል፥ ከሌለ ሰው ጋር ይነጋገራል፤ በነቃ ጊዜ ግን ያደረገውን ብዙ ጊዜ አያስታውስም። ይህም የሚሆነው በተክሉ ውስጥ ሊቃውንት ስኮፖላሚን የሚሉት ነገር ስላለ ነው። ከቤተ ክህነት ተማሪዎችም አንዳንዶቹ አእምሮ ይከፍታል ብለው ከዚህ ተክል የተሰናዳውን አብሾ ጠጥተዋል። ትምህርትን አጥብቆ ለመያዝ የማስታወስ ጠላት የሆነውን መጠጣት እንዴት ያለ ነገር ነው! ጠባዩ የሚለዋወጠውን ሰው «አብሾ አለበት» የምንለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በአፄ ምኒልክ ዘመን ደግሞ ሌባሻ የሚባል ሥራ ነበረ። ሌብነት በሆነ ጊዜ ሌባሻው ለአንድ ልጅ የተበጠበጠ መድኃኒት ያጠጣው፥ ጢስም ያስበው ነበር። ልጁ አእምሮውን ስቶ ይሮጣል፤ በወገቡም በታሰረው መቀነት እየያዙ ይከተሉታል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት የሌባ ቤት ተብሎ ባለቤቱ ዕዳውን ይከፍል ነበር። የመድኃኒቱ አሠራር በሌባሻዎች እጅ ተሰውሮ ነበርና ማንም ሊመረምረው አልቻለም። ልብ በል፤ ልጁ ስለ ምን እዚህ ቤት ገባህ ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልሰው አልነበረውም። አእምሮ የሌለው ምስክር ቆመ፥ አእምሮ ያለው ሰው ተፈረደበት። ይህ ሥርዓት ዛሬ ቀርቷልና እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህ ግን የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይምሰልህ። በ1900ዎቹ መጀመሪያ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር፥ በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ ሐኪሞች ለምትወልድ ሴት ስኮፖላሚን ከሞርፊን ጋር ይሰጡ ነበር። ሴቲቱ በምጥ ትጮኽ ነበር፤ በኋላ ግን ምጧን አታስታውስም ነበር። ሕመሙ አልቀረም፤ የቀረው ትዝታው ብቻ ነው። ከዚያም በኋላ በ1953 ሲ አይ ኤ የሚባለው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ኤም ኬ አልትራ የተባለ ሥራ በስውር ጀመረ። ከሚፈልጋቸውም መድኃኒቶች አንዱ ሰው የሆነበትን ነገር እንዲረሳ የሚያደርግ ነበር። ለብዙ ሰዎችም ሳያውቁና ሳይፈቅዱ መድኃኒት ሰጡአቸው። ድርጅቱ ገንዘብ ከሰጣቸው አንዱ ዶክተር ዩዌን ካሜሮን በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ስለ ጭንቀትና ስለ ኀዘን ሊታከሙ የመጡትን ሰዎች በመድኃኒት ለረጅም ቀን እያስተኛ፥ በኤሌክትሪክም ራሳቸውን እያናወጠ፥ የቀድሞ ትዝታቸውን አጠፋ፤ የገዛ ልጆቻቸውን እስከ መርሳት የደረሱ ነበሩ።

በመጨረሻ ምን ሆነ? በ1973 የድርጅቱ አለቃ ሪቻርድ ሄልምስ የሥራው ወረቀት ሁሉ እንዲጠፋ አዘዘ። የሰውን ማስታወስ ሊያጠፋ የተነሣ ቤት የራሱን ማስታወስ ደግሞ ሊያጠፋ ግድ ሆነበት። ነገር ግን በ1977 ወደ 20,000 የሚሆን ገጽ ተገኘ፤ ከገንዘብ ሒሳብ ጋር በሌላ ስፍራ ተቀምጦ ስለ ነበረ ከጥፋት ተርፎአል። ስሙን የሸሸጉበት ሥራ በከፈሉበት ደረሰኝ ታወቀ። አንባቢ ሆይ፥ የሰው መዝገብ እንዲህ ከሆነ፥ የማይቃጠለው የእግዚአብሔር መዝገብ እንዴት ይሆን? ቃየል ወንድሙን በሜዳ ገደለ፥ ያየውም ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ምድር ራሷ ምስክር ሆነች። ሰውን ብታስረሳው ሥራህ አልጠፋም፤ ምስክሩ ብቻ ከሰው ወደ እግዚአብሔር ተዛወረ።

ሎጥን አስብ። ልጆቹ ወይን አጠጡት፥ የሆነውንም አላወቀም፤ ከዚያ ሌሊት የመጣው ነገር ግን ለብዙ ትውልድ ቀረ። ጌታችንን ደግሞ አስብ። በመስቀሉ ቀን ሥቃይን የሚያደነዝዝ መጠጥ ባቀረቡለት ጊዜ አልቀበልም አለ፤ ስለ እኛ የተቀበለውን መከራ በንቁ ልቡና ሊሸከመው ወደደ። ከዚያም በፊት በነበረው ሌሊት ለደቀ መዛሙርቱ ጽዋ ሲሰጣቸው እርሱን እንዲያስቡበት ሰጣቸው። እነሆ ሁለት ጽዋዎች በፊትህ ናቸው፤ አንዱ የሚያስረሳ፥ ሁለተኛውም የሚያሳስብ። ክርስቲያን ከማን እጅ እንደሚጠጣ ለይቶ ይወቅ።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ደመወዝህን በወገብህ ታጥቀህ ወደ አገርህ ስትመለስ ከማታውቀው ሰው እጅ መጠጥም ምግብም አትቀበል፤ እምቢ ማለት ነውር አይደለም። ለባልንጀራህም ለሣቅ ብለህ እንኳ በጠላው ወይም በሻዩ ውስጥ ምንም ነገር አትጨምር፤ በሣቅ የተሰጠው ሊገድል ይችላልና። ሰው አፉ ደርቆ፥ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ፥ ሰውነቱ ግሎ፥ ልቡም እየመታ የማይገባ ነገር ሲናገር ብታይ፥ ጋኔን ያዘው ወይም አፍዝ አደንግዝ ተደረገበት ብለህ አትሰረው፥ አትምታውም፤ ፈጥነህ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰደው፤ በደረሰም ጊዜ ጸልይለት።

ከሁሉ ይልቅ ይህን ያዝ። የተዘረፈ ወንድም ወይም የተደፈረች እኅት «እንዴት እንደ ሆነ አላስታውስም» ስትልህ፥ ካላስታወስሽ አልሆነም ብለህ አትፍረድባት። አለማስታወሷ ራሱ የበደሉ ቁስል ነው። የበደላት ሰው ምስክሩን ሊገድል ያን መድኃኒት ሰጠ፤ አንተም ባታምናት ሥራውን ትፈጽምለታለህ። ይልቅስ አንተ አስታውስላት፤ ያየኸውን ቀንና ስፍራ፥ ያየኸውንም ሰው በዳኛ ፊት ተናገር።

የራስህን ኀዘን ወይም ኃጢአት ለመርሳት የምትጠጣ ሆይ፥ አንተም ስማ። ዮሴፍ በግብጽ ምድር መከራውን የረሳው በጽዋ አይደለም፤ እግዚአብሔር ልጅ ሰጥቶ አጽናናው እንጂ። ኃጢአትህንም ልትረሳው አትችልም፤ ብትናዘዝ ግን እግዚአብሔር ዳግመኛ ላያስበው ተስፋ ሰጥቶአል። እንዲህ ያለው መርሳት የእርሱ ሥራ ነው፤ ከእርሱም በቀር የሚያደርገው የለም። አሜን።