አፍም ፋታ ይሻል

በዒድ ቀን መጾም ክልክል ነው። ረመዳንን ሙሉ ቀን ቀን ከምግብና ከውኃ ታቅቦ የከረመ ሙስሊም ቀጣዩ ወር ሸዋል ሲብት እንዲበላና እንዲጠጣ ታዟል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ለዒድ አል-ፊጥር ሶላት ከቤታቸው የሚወጡት ቴምር ቀምሰው፣ ቁጥሩንም ጎዶሎ አድርገው እንደነበር ተዘግቧል። የዚያ ቀን ደስታ ራሱ ዒባዳ (አምልኮ) ነው። ታዲያ አንዲት እናት በዚህ ቀን የልጇን እጅ ይዛ «ከረሜላውን ቆይተሽ ትበያለሽ» ስትል ምን እያደረገች ነው? አማቴ ጥያቄውን ያለ ዙሪያ ጥምጥም ያቀርቡልኛል፦ «ልጄ፣ ጌታ የፈታውን ቀን አንቺ ለምን ታስሪዋለሽ?»

ጥያቄያቸውን አከብረዋለሁ። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ አዲስ አበባ የምሠራ የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ የልጆች እናትም ነኝ። በሙያዬ ብቻ ልመልስ ብል፣ እርሳቸው ስለ ዲን ሲጠይቁኝ እኔ ስለ ባክቴሪያ አወራሁ ማለት ይሆናል። በዲን ብቻ ልመልስ ብል ደግሞ በየዕለቱ በዓይኔ የማየውን መደበቅ ይሆናል። መልሱ ከሁለቱም በኩል መምጣት አለበት።

መጀመሪያ ለእርሳቸው የሚገባውን ልስጥ። በልጅነቴ ደሴ ውስጥ ሶላቱ ሲያበቃ አዲስ ልብሳችንን ለብሰን «ዒድ ሙባረክ» እያልን ከቤት ቤት እንዞር ነበር። አንዱ ቤት ደስታ ከረሜላ፣ ሌላው ቤት ብስኩትና ሐላዋ ይሰጠናል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ለእኛ ብለው ገዝተው ይጠብቁን ነበር። ያ ከረሜላ ለአንድ ሕፃን የሰፈሩ ሁሉ ልጅ መሆኑን የሚያውቅበት ስጦታ ነው። ይህን ከልጅ እጅ መንጠቅ ሰጪውንም ተቀባዩንም ማስቀየም ነው፤ እኔም አላደርገውም። በቤታቸው ጣፋጭ የሚገባው በዒድ ቀን ብቻ የሆነ ብዙ ቤተሰቦች አሉ፤ ለእነርሱ ስለ ከረሜላ ክፋት መስበክ ነውር ነው። የአንድ ቀን ጣፋጭ ጥርስ አያበሰብስም።

አሁን ደግሞ ጥርስ የሚለውን እንስማ። በአፋችን ውስጥ ስኳር እየበሉ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች አሉ። ዋነኛውን፣ ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የሚባለውን፣ ክላርክ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ለይቶ ገልጾታል። አሲዱ ከጥርስ የላይኛው ሽፋን ላይ ካልሲየምና ፎስፌት ያሟሟል። ሮበርት ስቴፋን የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ በ1940ዎቹ የአፍን አሲድ ለክቶ፣ ስኳር ከተቀመሰ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚያሻቅብ፣ ወደ ነበረበት ለመመለስ ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ እንደሚፈጅበት አሳየ። የሚመልሰው ምራቅ ነው። ምራቅ አሲዱን ያለዝበዋል፣ የተወሰደውንም ማዕድን መልሶ ይተካል። ጥርስ በየቀኑ ይጎዳል፣ በየቀኑም ይጠገናል።

እንግዲህ ከምሳ በኋላ አምስት ከረሜላ በአንድ ጊዜ የበላች ልጅ ጥርሷን ያጋለጠችው ለአንድ ጥቃት ነው። ያንኑ አምስት ከረሜላ በየሰዓቱ አንድ አንድ እያለች ብትመጥ ግን አምስት ጥቃት ይሆናል፤ ምራቅ አንዱን ጠግኖ ሳይጨርስ ሌላው ይደርስበታል። ምርጊቱ ሳይደርቅ ዝናብ ደጋግሞ የመታው የጭቃ ግድግዳ እንደሚፈርስ፣ ጥርስም እንዲሁ ይፈርሳል። ጥርስን ከመጠኑ ይልቅ የሚጎዳው ድግግሞሹ ነው።

ለአማቴ መልስ የምሰጥበት ቦታ ይህ ነው። ረመዳን ምግብን አያወግዝም፤ ለምግብ ጊዜ ያበጅለታል። የመግሪብ አዛን ከመሰማቱ ከአንድ ደቂቃ በፊት ክልክል የነበረው ቴምር፣ ከአዛኑ በኋላ ሱና ይሆናል። ቴምሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ጊዜው ነው። አንድ ወር ሙሉ የተማርነው ለጉሮሯችን ወሰን ማበጀትን ከሆነ፣ ያንን ትምህርት በዒድ ጠዋት ከአሮጌው ልብስ ጋር አውልቀን የምንጥለው ለምንድን ነው? ዒድ ጾሙን ይፈታል እንጂ ወሰንን አያፈርስም። የጥርስ ተፈጥሮም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ብላ፣ ከዚያ ደግሞ አቁም። አፍም ፋታ ይሻል። ልጆቼን ከረሜላ ከምሳ ጋር እንዲበሉ ሳደርግ እያስጾምኳቸው አይደለም፤ ረመዳን የሰጠንን ሥርዓት ለደስታቸውም እያበጀሁላቸው ነው።

ከዚህ የጠለቀ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እርሱም አማና (አደራ) ነው። ጣፋጭ በምግብ መካከል ሲደጋገም እንደሚጎዳ ከሁሉ በላይ በግልጽ ያሳየው ጥናት የተካሄደው በስዊድን፣ በሉንድ ከተማ፣ ቪፔሆልም በሚባል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ይኖሩበት በነበረ ተቋም ውስጥ ነው። በ1940ዎቹ ተመራማሪዎች ጥርስ ላይ እንዲጣበቅ ተደርጎ የተሠራ ቶፊ ለአንዳንዶቹ በቀን 8፣ ለሌሎቹ በቀን 24 እየሰጡ ጥርሳቸው ሲበሰብስ መዘገቡ። ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው አልነበረም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1954 ታተመ፤ ስዊድናውያንም ከዚያ ወዲህ ለልጆች ከረሜላ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ መስጠትን ልማድ አደረጉት። የእኛው የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። የአገራችን ስኳር ወደ ጓዳችን መግባት ሲጀምር፣ ጉዳቱ በእነዚያ ሰዎች አፍ ውስጥ ተጽፎ አልቆ ነበር።

ስለ እነርሱ ባሰብኩ ቁጥር አዝናለሁ። ከረሜላው ጣፍጧቸው ይሆናል፤ የሰጧቸውንም ሰዎች አምነው ተቀብለዋል። ስለ ሰውነታቸው መመዘን ስላልቻሉ ሌላው ሊመዝንላቸው ይገባ ነበር፤ አደራውን የያዘው ግን በላው። የአራት ዓመት ልጅም መመዘን አትችልም። የምታየው የዛሬውን ጣዕም ነው፤ በእንቅልፍ ሰዓት የሚመጣውን የመንጋጋ ሕመም አታውቀውም። በሃይማኖታችን ሰውነት የእኛ ንብረት ሳይሆን አማና ነው፣ በምን እንዳዋልነውም እንጠየቃለን። የልጅ ሰውነት ደግሞ እጥፍ አማና ነው፤ ባለቤቷ እስክታድግ ድረስ በእኛ እጅ ይቆያል። ነቢዩ ወላጅን በእረኛ መስለው ተጠያቂ ያደረጉት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

«የወተት ጥርስ እኮ ነው፣ ይወድቃል» የሚሉኝ አሉ። መውደቁ ልክ ነው፤ የኋለኞቹ የወተት መንጋጋዎች ግን እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ድረስ ይቆያሉ። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ደግሞ በስድስት ዓመት ገደማ፣ የወተት ጥርስ ሳይተካ ከኋላ ብቅ ይላል። ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል፤ እኔ ዘንድ ሲመጣ ተቦርቡሮ ይገኛል። ሕመሙማ የወተት፣ የቋሚ ብሎ አይለይም። ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ «ይወድቃል» የሚል ቃል አያስተኛትም።

ስለዚህ በቤታችን በዒድ ይህን እናደርጋለን። ልጆቹ ይዞራሉ፣ የተሰጣቸውን ሁሉ በምስጋና ይቀበላሉ። ሲመለሱ የሚወዱትን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ከምሳ በኋላ ይበሉታል፣ ውኃ ይጠጡበታል። የተረፈው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ኪስ ውስጥ ግን አይከርምም፤ ጥርስን የሚጨርሰው ከዒዱ ቀን ይልቅ ሸዋልን ሙሉ ከኪስ እየወጣ የሚመጠጠው ነው። ቴምርም ሱና ቢሆን ጥርስ ላይ ይጣበቃል፣ ስለዚህ ሥርዓቱ ለእርሱም ይሠራል። በመሐል ለሚርባቸው ታላላቆቹ ቆሎና ኦቾሎኒ አለ። ማታ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ይቦርሻሉ፤ ለትንሿ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ለታላላቆቿ የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። አረፋውን ይተፉታል፣ ብዙ አይጉመጠመጡም፤ ከዚያ በኋላ ከውኃ በቀር አፋቸው አይገባም። ቀን ቀን ደግሞ አባታቸው ለሶላት ሲዘጋጅ ሲዋኩን ሲያነሳ ያያሉ፣ እነርሱም መፋቂያቸውን ይዘው ይቆማሉ። ነቢዩ በሕዝባቸው ላይ ይከብዳል ብለው ባይሰጉ ኖሮ በየሶላቱ ሊያዙት የነበረ ነገር እንደሆነ ነግረናቸዋል።

አማቴም ከረሜላ ይዘው ይመጣሉ፤ መምጣትም አለባቸው። «እማ፣ ከምሳ ጋር ይበሉታል» እላቸዋለሁ፣ በእጃቸው የሚሰጧቸውም እርሳቸው ናቸው። የዒድን ደስታ የሚሰጥ እጅና ልጅን ከጉዳት የሚጠብቅ እጅ የተለያዩ መሆን የለባቸውም። ጌታ የፈታውን ቀን አላስርም። ልጆቼ የሚቀጥለውን ዒድ፣ ከዚያም በኋላ የሚመጣውን፣ ያለ ሕመም ስቀው እንዲቀበሉት አደራዬን እጠብቃለሁ፤ ይህም የዒዱ ምስጋና አንድ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።