ነጂ በሌለው መኪና አደራው የማን ነው?

ሰው ከሰው ጋር ተባብሮ የሚኖረው በአደራ ነው። እናት ልጅዋን ወደ ሩቅ አገር በምትሸኝበት ጊዜ ወደ መኪናው መስኮት ቀርባ ሾፌሩን «አደራህን፥ ቀስ ብለህ ንዳ» ትለዋለች። እርሱም «አይዞሽ እናቴ» ብሎ ይመልስላታል። ይህ በወረቀት ያልተጻፈ ውል ነው። ሾፌሩ መሪውን ሲይዝ የሰው ሕይወት በእጁ እንዳለ ያውቃል፤ ጥፋት ቢያደርስ በዳኛ ፊት ይቆማል፥ ወደ ሟች ቤተ ሰብ ሽማግሌ ይልካል፥ ሌሊትም ኅሊናው እንቅልፍ ይነሣዋል። እንግዲህ አደራ ማለት መስጠትና መቀበል ብቻ አይደለም፤ በተጠየቁ ጊዜ መልስ መስጠትም ነው።

በዘመናችን ግን መሪውን የሚይዝ ሰው የሌለበት መኪና በጎዳና መሄድ ስለ ጀመረ፥ «አደራህን» የሚለው ቃል ለማን ይነገር? የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። ነገሩ ለአገራችን መንገድ እንግዳ ነው፤ ነገር ግን በአሜሪካ በፊኒክስና በሳን ፍራንሲስኮ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከዚህ ዓይነቱ መኪና ጋር በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። ከዚህም በላይ የሰው ሥራ ለመሣሪያ በተሰጠበት ስፍራ ሁሉ የሚነሣ የግብረ ገብ ጥያቄ ስለ ሆነ፥ በጥንቃቄ ልንመረምረው ይገባናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን የመኪናውን አሠራር በአጭሩ እንመልከት። በሰው ዐይን ፈንታ ካሜራ፥ ራዳር፥ ደግሞም የብርሃን ጨረር እየላከ ርቀትን የሚለካ መሣሪያ አለው። እነዚህ ያዩትን ሁሉ ኮምፒዩተሩ ተቀብሎ «ይህ ሰው ነው፥ ይህ ብስክሌት ነው፥ ይህ መኪና ነው» እያለ ይለያል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ወዴት እንደሚሄድ ገምቶ መኪናውን ያዞራል ወይም ያቆማል። አይሰክርም፥ አያንቀላፋም፥ በቍጣም አይሽቀዳደምም።

የዚህን መሣሪያ ጥቅም የሚናገሩ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መግለጫ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ አስታውቋል። ይህ ነፍስ ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚጠፋው ሰው በሚነዳው ተሽከርካሪ ነው። ስዊስ ሪ የተባለው የኢንሹራንስ ድርጅት ደግሞ ዌይሞ ከተባለው የነዚህ መኪኖች ኩባንያ ጋር ሆኖ በ2024 አንድ ጥናት አውጥቷል። የኩባንያው መኪኖች 25.3 ሚሊዮን ማይል፥ ማለት 40 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ስለ አካል ጉዳት የቀረበባቸው የካሣ ጥያቄ፥ ሰው ከሚነዳቸው መኪኖች ጋር ሲመዛዘን ከመቶ 92 ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ እውነት ሆኖ ከጸና ብዙ እናቶችን ከለቅሶ የሚያድን ነገር ነውና ሊናቅ አይገባውም።

ይሁን እንጂ ሕዝቡ አላመነም። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በ2025 ባደረገው ጥያቄ ከመቶ ነጂዎች 61ዱ በዚህ መኪና መሳፈርን እንደሚፈሩ፥ የሚያምኑትም 13 ብቻ እንደ ሆኑ ተገልጿል። አንዳንድ ሊቃውንት ይህን ፍርሃት የድንቍርና ፍሬ ያደርጉታል። እኔ ግን ሕዝቡ የጠየቀው የቍጥር ጥያቄ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ቍጥር ስንት ሰው እንደ ሞተና እንደ ዳነ ይነግረናል፤ ስለ ሞተው የሚጠየቀው ማን እንደ ሆነ ግን አይነግረንም። ደግሞም ቍጥሩ ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። ራንድ የተባለው የጥናት ድርጅት በ2016 እንደ ቈጠረው፥ እነዚህ መኪኖች በሞት አደጋ ረገድ ከሰው እንደማያንሱ ያለ ብዙ ጥርጥር ለማረጋገጥ 275 ሚሊዮን ማይል ያህል ማንንም ሳይገድሉ መጓዝ ያስፈልጋቸው ነበር። ማስረጃው እስኪሞላ ድረስ ሕዝቡ የሚደገፈው በሰዎች ቃል ላይ ነው። ስለዚህ የጥያቄው ሥር የሰዎቹ እውነተኝነት ነው። ይህንንም ሁለት ታሪኮች ያስረዱናል።

የመጀመሪያው በአሪዞና ግዛት ቴምፒ በተባለች ከተማ መጋቢት 18 ቀን 2018 የሆነው ነው። ኡበር የተባለው ኩባንያ ለሙከራ ያሠማራው መኪና፥ በሌሊት ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ የምትሻገር ሴት ገጭቶ ገደለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ነገሩን ሲመረምር፥ መሣሪያው ከግጭቱ 5.6 ሴኮንድ አስቀድሞ አይቷት እንደ ነበር ታወቀ። ነገር ግን አንድ ጊዜ መኪና፥ አንድ ጊዜ ሌላ ነገር፥ አንድ ጊዜም ብስክሌት እያደረገ ሲቈጥራት፥ ሰው መሆንዋን ሳይለይ ቀረ። ሰው ከተመደበለት መሻገሪያ ውጭ ሊሻገር እንደሚችል ሠሪዎቹ አላሰቡለትም ነበርና። በመኪናው ውስጥ ለጥበቃ የተቀመጠችው ሠራተኛም ዐይንዋ በስልክዋ ላይ ነበረ። ቦርዱ የሠራተኛዋን ቸልታ ዋና ምክንያት አድርጎ፥ የኩባንያውንም የጥንቃቄ ጕድለት አብሮ ገለጠ። በመጨረሻ ግን በወንጀል ተከሳ በ2023 የተፈረደባት ሠራተኛዋ ብቻ ነበረች፤ ኩባንያው በወንጀል አልተከሰሰም። እርስዋ ጥፋት የለባትም ማለት አይደለም። ነገር ግን ብዙ ሰዎች በሠሩት ሥራ አንዲት ሴት ብቻዋን ስትጠየቅ ያየ ሕዝብ «አደራው የማን ነበር?» ቢል ሊፈረድበት አይገባም።

ሁለተኛው በሳን ፍራንሲስኮ ጥቅምት 2 ቀን 2023 የሆነው ነው። አንዲት እግረኛ በመጀመሪያ ሰው በሚነዳው መኪና ተገጭታ፥ ክሩዝ የተባለው ኩባንያ ባሠማራው ነጂ የሌለው መኪና ፊት ወደቀች። ይህም መኪና ገጫት፤ ከቆመ በኋላም ሴቲቱ ከሥሩ መኖርዋን ሳያውቅ ወደ መንገዱ ዳር ለመውጣት ሲል 6 ሜትር ያህል ጎተታት። አስቀድሞ የገጫት ሰው ጥሏት ሸሸ፤ የእርሱ ኃጢአት ግልጥ ነው። የኩባንያው በደል ግን ከዚያ በኋላ መጣ፤ ለመንግሥት ባቀረበው ጽሑፍ መጎተትዋን ሳይገልጥ አለፈ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው ነገሩ ብዙ ሳይቈይ ታወቀ። የካሊፎርኒያ ግዛት በዚያው ወር በ24ኛው ቀን ያለ ነጂ የመሄድ ፈቃዱን አገደበት፤ በኅዳር 2024 ኩባንያው የሐሰት መግለጫ ማቅረቡን አምኖ 500 ሺሕ ዶላር መቀጫ ከፈለ፤ በሚቀጥለውም ወር ባለቤቱ ጄኔራል ሞተርስ ለዚህ የታክሲ ሥራ ገንዘብ መስጠትን አቆመ። የመሣሪያው ስሕተት ሊታረም የሚችል ነበረ፤ መሸሸጉ ግን የሕዝቡን አመኔታ አጠፋ።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለሚዋጋ በሬ የተደነገገው ሕግ ለዚህ ነገር ታላቅ ብርሃን ይሰጣል። በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል፥ ተዋጊነቱ አስቀድሞ ያልታወቀ እንደ ሆነ ባለቤቱ ነጻ ይሆናል። የሚዋጋ መሆኑ ታውቆ፥ ለባለቤቱም ተነግሮት፥ እርሱ ሳይጠብቀው ቀርቶ እንደ ሆነ ግን ዕዳው በራሱ ላይ ይመጣል። ሕጉ በሬውን ኅሊና እንዳለው ሰው አድርጎ አልጠየቀውም፤ ነገር ግን «በሬ ነውና ማን ይጠየቃል?» ብሎ ደሙን ባዶ አላስቀረውም። የባለቤቱ ዕዳ የሚለካው ባወቀው መጠን ነው።

በዚህም ላይ አንድ ልናስተውለው የሚገባ ልዩነት አለ። አንድ በሬ ስለ ተዋጋ የጎረቤት በሬ አይዋጋም፤ አንድ ሾፌርም ስለ ሰከረ ሌሎቹ አብረው አይሰክሩም። የአንድ ኩባንያ መኪኖች ግን የሚመሩት በአንድ ዓይነት አእምሮ ነው። በአንዱ የታየ ጕድለት በሁሉም ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል፤ ከሳን ፍራንሲስኮው አደጋ በኋላም የክሩዝ ኩባንያ የ950 መኪኖችን የኮምፒዩተር ሥርዐት ማረም ግድ ሆኖበታል። ስለዚህ የአንዱን መኪና ጥፋት የሚሸሽግ ሰው፥ በሬው ተዋጊ መሆኑን እያወቀ በገበያ መካከል እንደሚለቅቅ ነው። በአንጻሩ ጥፋቱን ወዲያው የሚገልጥ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊያርም ይችላል። እውነትን መናገር ሁልጊዜ መልካም ነው፤ በዚህ ሥራ ግን የሰው ሕይወት ጠባቂ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ መሣሪያ ይፈተናል እንጂ አደራ አይቀበልም። ሊጠየቅ የማይችል፥ ሽማግሌ የማይልክ፥ የማይጸጸት ነገር አደራ ሊሸከም አይችልምና፤ አደራው የሠሪውና የአሠማሪው ነው። እነርሱም «ኮምፒዩተሩ ነው» ብለው ሊያመልጡ፥ ወይም ሸክሙን በአንድ ደኻ ሠራተኛ ትከሻ ላይ ብቻ ሊጥሉት አይገባም። ሁለተኛ፥ የመንግሥት ሹም ፈቃድ ሲሰጥ በሕዝቡ ስም አደራ መቀበሉን ይወቅ፤ የኩባንያውን ቃል ብቻ ሰምቶ ሳይመረምር ቢፈቅድ ከዕዳው ተካፋይ ነው። ሦስተኛ፥ ሕዝቡም ቢሆን ፍርሃትን ብቻ ጥበብ አድርጎ ሊይዝ አይገባውም። ይህ መሣሪያ ከሰው ይልቅ ነፍስ የሚያድን መሆኑ በእውነተኛ ምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ፥ እንግዳ ስለ ሆነ ብቻ መከልከል፥ በሰካራም ነጂ እጅ ለሚሞተው ሰው ግድ አለመስጠት ይሆናልና።

አመኔታ በማስታወቂያ አይገዛም፥ በትእዛዝም አይመጣም። ክፉው ነገር በሆነ ዕለት፥ ማንም ሳያስገድደው ወጥቶ «ይህን ያደረገው የእኔ መኪና ነው፤ የሆነውም ሁሉ ይህ ነው» የሚል ሰው ሲገኝ ቀስ በቀስ ይበቅላል። እናት በመስኮቱ በኩል «አደራህን» ስትል የምትፈልገው «አይዞሽ» የሚላትን ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ ከቃሉ በስተኋላ የሚጠየቅ ሰው መኖሩን ነበር። ነጂው ከመኪናው ቢወርድም ይህ ሰው ከቦታው ሊጠፋ አይገባውም።