ስለ ሰባኪ ችኰላና ስለ ሰሚው ድርሻ

ቃለ እግዚአብሔርን ለሕዝብ የሚያሰማ ሰው የሚናገረውን ነገር አስቀድሞ ከመጻሕፍት ማዘጋጀት እንደሚገባው የሚጠራጠር የለም። የአነጋገሩን ፍጥነትና ዕረፍት፥ የድምፁንም አወጣጥ እየመረመረ ማረም ግን ይገባዋልን? ወይስ ይህ ከንቱ ውዳሴን መሻት ነው? ጥያቄው ቀላል መስሎ ቢታይም በሁለቱም ወገን እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ቆመውበታል።

አንዳንድ አባቶች፥ የሚያናግር መንፈስ ቅዱስ ነውና ድምፅን ማሳመር የዓለማውያን ሥራ ነው ይላሉ። ለዚህም ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ምን እንናገራለን ብለው እንዳይጨነቁ ማዘዙን ይጠቅሳሉ (ማቴ. 10፥19)። ነገር ግን ያ ቃል የተነገረው ተይዘው በነገሥታትና በገዥዎች ፊት ለሚቆሙ ሰዎች ነው እንጂ ሳምንቱን ሙሉ ጊዜ ተሰጥቶት ሳይዘጋጅ ለሚመጣ ሰባኪ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፍ፥ የመናገር ችሎታ በትምህርት እንጂ በተፈጥሮ የሚገኝ እንዳልሆነ፥ ከፍ ካለ ደረጃ የደረሰውም ሰው ዘወትር ካልደከመበት እንደሚያጣው አስተምሯል። በዚያው መጽሐፍ ደግሞ ሰባኪው የሕዝቡን ምስጋና እንዳይከተል ያስጠነቅቃል። እንግዲህ ጭንቁ ሁለቱን ማስማማት ነው።

እኛ በጎጃም ያደግን ሰዎች ይህን ነገር ከሩቅ መፈለግ አያሻንም። በንባብ ቤት ሕፃኑ መጀመሪያ ፊደሉን አንድ በአንድ እየቈጠረ፥ ቀጥሎ በግዕዝ ንባብ፥ ከዚያም በውርድ ንባብ ይማራል፤ ፈጥኖ የሚሄደው ቁም ንባብ የሚሰጠው በመጨረሻ ነው። ተነሹንና ወዳቂውን፥ ተጣዩንና ሰያፉን ሳይለይ የሮጠ ተማሪ ወደ ኋላ ይመለሳል። የቅኔ ቤቱ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በዲማ ጊዮርጊስም ቢሆን በደብረ ኤልያስ፥ በዋሸራም ቢሆን በጎንጅ፥ ቅኔ የሚቈጥር ተማሪ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቃሉን ሲጥልና ሲያነሣ ይውላል። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ የቈጠረውን በመምህሩ ፊት ይነግራል፥ ይታረማል። እንዲህ ራስን መመርመር ትዕቢት ነው ያለ መምህር እኔ አልሰማሁም። ቅኔውም በቤተ ክርስቲያን ሲቀርብ ዐዋቂዎች «ይበል» የሚሉት ከሰሙ ወደ ወርቁ ለመሻገር ጊዜ ሲያገኙ ነው፤ ባለ ቅኔው ከቸኰለ ሰሙ ብቻ በጆሮ ይቀራል።

በዚህ ሁሉ ያለፍሁ ሰው ስሆን በስብከት ጊዜ ግን ረሳሁት። ዲያቆን ሳለሁ ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን በበዓል ቀን እንዳስተምር ታዘዝሁ። ያጠናሁት ብዙ ነበርና እንደ ክረምት ፈሳሽ አወረድሁት። ሕዝቡ እልል አለ፤ እኔም ደስ አለኝ። ስወጣ ከወይራው ሥር የተቀመጡ አንዲት አሮጊት መነኵሲት ጠሩኝና፥ «ልጄ፥ ድምፅህስ ያማረ ነው፤ እንደው የነገርኸን ምን ነበር?» አሉኝ። ዘለፋ አልነበረም፤ በእውነት ሊያውቁ ፈልገው ነበር። እንደ ገና ቀስ ብዬ ስነግራቸው ነገሩ ሁሉ ሦስት ቃል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እርሳቸውም ሦስቱን መልሰው ነገሩኝ።

ባለፈው ዓመት ደግሞ አንድ ምእመን በስልኩ የቀዳውን ስብከቴን አሰማኝ። ሰው የገዛ ድምፁን ከውጭ ሲሰማ እንግዳ ይሆንበታል፤ ሲናገር የሚሰማው ድምፅ በራስ ቅሉ አጥንት በኩል ጭምር የሚመጣ ነውና። እኔን ያሳፈረኝ ግን ይህ አልነበረም። ሐሳቤ በሳሳበት ቦታ ሁሉ ጩኸቴ ከፍ ማለቱ፥ ጥቅሱ ሊታሰብበት በሚገባው ቦታ ሳላርፍ ወደሚቀጥለው መሮጤ፥ የዐረፍተ ነገሩም መጨረሻ በአፌ ውስጥ መቅረቱ ነው። ጸጥታን እፈራ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብል ሕዝቡ ነገሩ የጠፋብኝ እንዳይመስለው እሰጋ ነበር። እንግዲህ ትጋት ያልሁት ችኰላ ስለ ገዛ ክብሬ መሥጋት ነበር፤ ለራሴ ያደላሁትም ድምፄን ስመረምር ሳይሆን ሳልመረምር ስናገር ነው።

ከዚህ የሚጐዳው ማን እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል። መጻሕፍትን የሚያውቀው ካህን ጥቅሱ ቢዘለልም ከራሱ ይሞላዋል። አልበቃሁም ብሎ ከቅጥሩ በር አጠገብ የሚቆመው፥ ሕፃን አዝላ ከዛፍ ሥር የምትሰማው፥ ጆሮው የደከመው ሽማግሌ ግን የሚሞሉበት የላቸውም። ከጮቄ በኩል የሚመጣው ነፋስ ግማሹን ቃል ይወስዳል፤ ድምፅ ማጉያውም ለሚቸኵል ሰው ቃልን በቃል ላይ ይደርብበታል እንጂ አይረዳውም። ዕዝራ ሕጉን ከማለዳ እስከ ቀትር ባነበበ ጊዜ ሌዋውያን ትርጓሜውን ያስረዱ ነበር፤ ሕዝቡም አስተውሎ አለቀሰ (ነህ. 8)። ሐዋርያው ጳውሎስም ሰሚው ከማያስተውለው እልፍ ቃል አምስቱን የሚያስተውለውን መርጧል (1ኛ ቆሮ. 14፥19)። እንግዲህ ሰዓት አጠረብኝ የሚለው ምክንያት ከዚህ ወቀሳ አያድንም፤ ሰዓቱ ካጠረ ነገሩ ይቀነስ እንጂ ቃሉ አይሩጥ።

ማረሚያው ብዙ ጥበብ አይሻም። ስብከቱን በወረቀት የሚጽፍ ሰው ድርብ ሰረዙንና አራት ነጥቡን የዓይን ጌጥ አድርጎ አይቍጠረው፤ ለራሱ ትንፋሽ፥ ለሰሚውም ማሰቢያ የተሰጠ ቦታ ነው። ከስብከት በኋላ «እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ምስጋናን መለመን ይሆናል፤ «ምን አልሁ?» ብሎ መጠየቅ ግን ይጠቅማል፥ ያማልም። በቀረጻው በኩል አንድ አደጋ አለ፤ ዘወትር ራሱን የሚያዳምጥ ሰው በድምፁ መደሰት ይጀምራል፤ ይህንም በገዛ ነፍሴ አይቼዋለሁ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ እሰማለሁ፥ አንድ ጕድለት እጽፋለሁ፥ ቀረጻውን እደመስሳለሁ። ባለፈው ወር የጻፍሁት «እንግዲህ» የምትለውን ቃል ማብዛቴን ነበር። ይህን ጽሑፍ አስቀድሞ ያነበበ ወንድም አሁንም አልተውኸውም ብሎኛል።