የፍሬኑ ገንዘብ

ከወጣቶች ጸሎት በኋላ አንድ የሱሉልታ ወንድማችን ጠየቀኝ፦ «ደላላው በአንድ ዋጋ ቪትዝም ያረጀ ፓጄሮም አሳየኝ። ጉልበት ያለውን ብመርጥ ትዕቢት ይሆንብኛል?»

«አዎን» ልለው ቸኩዬ ነበር። ግን ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ቤተሰብ ጭኖ የእንጦጦን ዳገት ለሚወጣ ሰው ጉልበት ቅንጦት ብቻ አይደለም። (ትንሽ ለታይታም እንደፈለገው አልደበቀኝም፤ ሳቅን።)

እኔን ያሳሰበኝ ቁልቁለቱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ትልቅ ሞተር ረከስ ብሎ ሲሸጥ፣ ብዙ ጊዜ ነዳጁና መለዋወጫው ባለቤቱን አድክሞት ነው። ያለውን ሁሉ ለሞተሩ የከፈለ ሰው ለፍሬን ሸራና ለጎማ ምን ይቀረዋል? ያ ከባድ መኪና በተላጨ ጎማ ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርድ፣ ጉድለቱን የሚከፍለው መንገድ የሚሻገር ተማሪ ሊሆን ይችላል። በቡራዩ የአምቦ መንገድ፣ በሰበታ የጅማ መንገድ ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ገበያተኛውም አህያውም እዚያው ነው።

ዘዳግም 22፥8 ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም እንዳይወድቅ ለጣሪያው መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። ቤቱን አሳንስ አይልም።

«መጀመሪያ የፍሬኑንና የጎማውን ገንዘብ ለይተህ አስቀምጥ፤ በቀረው የሚገዛ ከሆነ ግዛው» አልሁት። ዝም አለ። በሳምንቱ መካኒክ ይዞ ሄዶ አስፈተሸው።

እስካሁን ለጸሎት የሚመጣው በታክሲ ነው።