መዝገብ ይመለሳል፤ ዕዳ ግን አይሰረዝም

ጽሕፈት የመርሳት መድኀኒት ነው ይባላል። ነገር ግን መዝገቡ ራሱ የረሳ እንደ ሆነ ማን ይመሰክራል? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ በዲላ አቅራቢያ በአንድ የቡና መረከቢያ በመዝገብ ሠራተኛነት ሳገለግል የደረሰብኝ ነገር ነው።

በጌዴኦ ምድር እሸት ቡና ሲደርስ ገበሬው ከእንሰቱ አጠገብ፥ ከትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር የለቀመውን ተሸክሞ ይመጣል። እኛም መዝነን ኪሎውን በኮምፒዩተር እንጽፋለን፤ ለባለ ቡናውም ደረሰኝ እንሰጣለን። አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ መብራት ደጋግሞ ጠፋ፤ ጽሕፈቱ ሳይፈጸም ስለ ተቋረጠም ዳታቤዙ ተበላሸ። ደግነቱ ስናፕሾት የሚባለው፥ የመዝገቡ የአንድ ሰዓት ሙሉ ግልባጭ በየማታው ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ የረቡዕ ማታውን ግልባጭ መለስን። መዝገቡ ዳነ፤ ሐሙስ ግን ጠፋ።

ገበሬዎቹ ደረሰኛቸውን እያመጡ የሐሙሱን እንደ ገና አስጻፉ። የአንድ ሽማግሌ ደረሰኝ ግን በዝናብ ርሶ ተበጣጥሶ ነበር። «አባቴ፥ ያለ ወረቀት አልጽፍም» አልኋቸው። እሳቸውም፥ «ልጄ፥ ቡናዬን የመዘንኸው አንተ አይደለህምን? ወረቀት ካንተ ዐይን ይበልጣልን?» አሉኝ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ አፈርሁ። በዚያው ሐሙስ ጧት ከደመወዜ የሚታሰብ 500 ብር ተበድሬ በኮምፒዩተሩ ላይ ብቻ ጽፌ ነበር። እርሱም ከሽማግሌው 42 ኪሎ ጋር አብሮ ጠፍቷል። ከእሳቸው ማስረጃ ስጠይቅ ከራሴ ምንም አልጠየቅሁም፤ እንዲያውም በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ያለ ወረቀት ሁሉን ማመን ለአታላይ በር መክፈት ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው። እኔ ግን ወረቀት የጠየቅሁት ሳላውቅ ቀርቼ ሳይሆን እያወቅሁ ነበር። ሥርዐትን ለማያውቁት ነገር መጠበቂያ ማድረግ ጥበብ ነው፤ የሚያውቁትን እውነት መሸሸጊያ ማድረግ ግን ስርቆት ነው።

በ2009 ዓ.ም. ጥር 23 ቀን ጊትላብ በተባለው የኮምፒዩተር ድርጅት አንድ ሠራተኛ ዋናውን ዳታቤዝ በስሕተት አጠፋ። የተመለሰው ከ6 ሰዓት ያህል በፊት ከተወሰደ ግልባጭ ስለ ነበረ በመካከል የተጻፈው ቀረ። ድርጅቱ ግን ምን እንደ ደረሰና ምን እንደ ጠፋ ለዓለም ሁሉ ገልጦ ጻፈ። የጠፋውን ሁሉ መመለስ ባይቻልም፥ መጥፋቱን አለመሸሸግ ይቻላልና።

እኔም በመጀመሪያ የራሴን 500 ብር፥ ቀጥሎም የሽማግሌውን 42 ኪሎ ጻፍሁ፤ ሁለቱንም ለአለቃዬ ነገርሁ።

ወጣት ወዳጄ ሆይ፥ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ንጋት በራሱ ይጠራል፤ እውነት ግን መስካሪ ይሻል። መዝገብ ወደ ትናንት ቢመለስ፥ ከትናንት ወዲህ ያደረግኸውን የምታውቅ አንተ ነህ። የሌላውን መብት ለማስታወስ ከመጠየቅህ በፊት የራስህን ዕዳ አስታውስ።