የቦዩ ጭራ

በቦረና፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ደጋው ወደ ዓባይ ገባሮች መቆልቆል በሚጀምርበት ተዳፋት ላይ አንድ የመስኖ ቦይ ነበር እንበል። ማን እንደቆፈረው የሚያስታውስ የለም። ከምንጩ ተጠልፎ፣ ገደሉን ታክኮ፣ ቋጥኙን ዞሮ፣ የእስላሙንም የክርስቲያኑንም ማሳ እያጠጣ ይወርዳል። የማን ነው ቢባል ሁሉም "የኛ" ይላል። ጠባቂው ግን አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ የውሃ አባት ይሏቸዋል። ተራ የሚያወጡት፣ ጠረጋ የሚያስወጡት፣ ሰው በውሃ ሲጣላ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው።

አንድ ጎልማሳ ከዚያ መንደር ሚስት አግብቶ ከአማቶቹ ዘንድ ገባ። የደረሰው ማሳ ከቦዩ ጭራ ነው፤ ለሁሉ ደርሶ የተረፈው ውሃ የሚመጣበት። መስከረም አልፎ ዝናቡ ሲያባራ መንደሩ ለቦይ ጠረጋ ወጣ፤ እሱም ዶማውን ይዞ ወጣ። የት እንደሚቆም ግን ቸገረው። ሌላው ሁሉ ቦታውን ያውቃል። አንዱ ደለል ይዝቃል፣ አንዱ የተናደ ካብ ይክባል፣ አንዱ ሣር ያጭዳል። "አንተ ደግሞ እዚህ ያዝ" ያለው የለም። ንቀት አልነበረም፤ ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሰው እንግዳ አይታየውም። እሱ ግን ንቀት መስሎት ዶማውን ተደግፎ ቆሞ ዋለ።

ማታ የውሃ አባቱ ቤት ሄደ።

"አባቴ፣ ቦዩ ያን ቋጥኝ ለምን ይዞራል? ይፍቀዱልኝና በቀጥታ ልቅደደው። ውሃው ቶሎ ይደርሳል።"

ሽማግሌው አልተቆጡም። "መጀመሪያ አንድ ሌሊት ውሃውን ተከተለው። ከጭራው እስከ ጠለፋው ድረስ" አሉት።

ተራው በደረሰ ሌሊት ባትሪውን ይዞ ሽቅብ ወጣ። ከኮሶው ዛፍ አለፍ እንዳለ አንድ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገባ። የቦዩ ጠርዝ ከሥር ተበስቶ ውሃው ወደ መንገዱ ይፈሳል። ቀዳዳው የዛሬ አልነበረም። የመንደሩ ሰው እዚያ ሲደርስ ሳያስበው ይዘላል፤ እግሩ ለምዶታል፣ ዓይኑ ግን ረስቶታል። የወደቀው አዲሱ ሰው ነው፤ ስለዚህም ያየው እሱ ነው።

ሣር ከነአፈሩ ቆርጦ፣ ጭቃ አቡክቶ ቀዳዳውን ደፈነና እየተደሰተ ሄደ። ጠዋት የውሃ አባቱ መጡ፣ አዩት፣ በዘንጋቸው ጫፍ ፈልቅቀው አፈረሱት። "ውሃ የሚገፋው ከውስጥ ነው። ከውጭ የለጠፍከውን ሲሞላ ይዞት ይሄዳል" ብለው አለፉ። በሰው ፊት ነበር። ጎልማሳው ቤቱ ገብቶ ዳግመኛ ዶማ ላለማንሣት ማለ። ሚስቱ ቡናውን እየቀዳች "ያፈረሱት ጭቃውን እንጂ አንተን አይደለም" አለችው። ምላሽ አልሰጣትም።

በማግስቱ ግን ተመለሰ። ባለ ተራውን ጎረቤት አስፈቅዶ ውሃውን ለጥቂት ጊዜ አዘጋ። ከውስጥ በኩል ድንጋይ አስገባ፣ ሸክላ አፈር ጠቀጠቀበት፣ በእግሩ ረገጠው። የውሃ አባቱ መጥተው በተረከዛቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉትና ሳይናገሩ አለፉ። በዚያ ሳምንት ወደ ጭራው የሚደርሰው ውሃ ወፈር አለ፤ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ከኮሶው በታች ላለው ሁሉ።

ቋጥኙንም በዚያው ሌሊት አይቶት ነበር። ከወዲያ በኩል አፈሩ ልል ነው፤ ድሮ ሰው በቀጥታ የቀደደው ቦይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቦረቦር ሆኖ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ስለ ቋጥኙ ጠየቀ እንጂ ልቅደደው አላለም።

በዓመቱ ለጠረጋ ሲወጣ ቦታ ነበረው። ሲመሽ የውሃ አባቱ ሊጨርሱ ሁለት ክንድ ያህል ደለል ሲቀር እጃቸውን ታጠቡ።

"አባቴ፣ ይቺን እኔ ባንድ አፍታ ልዝቃት" አለ።

"ተዋት። ዘንድሮ ሁለት አዲስ ሰዎች ገብተዋል።"

ምሳሌው ይኸው ነው። ክፍት ምንጭ የምንለው ሶፍትዌር እንዲህ ያለ ቦይ ነው፤ ስሙ በአማርኛ ሲባል ውሃ ውሃ ማለቱ ደስ ይለኛል። ኮዱ ተገልጦ የተቀመጠ ነው፤ ማንም ያነበዋል፣ ይጠቀምበታል፣ ያስተካክለዋል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑክስ የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ዛሬም በየክፍሉ የውሃ አባት አለው፤ ከታች የመጣ ማሻሻያ በእነሱ እጅ ተፈትሾ ሽቅብ ይወጣል።

እኛም ከዚህ ውሃ ጠጥተናል። አማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ ሲጀመር እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ ቁጥር ይመዘግብ ነበር፤ ባንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። እያንዳንዱ የግሉን ቦይ ቆፍሮ ነበር ማለት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር በሚሰጠው መዝገብ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ሁሉም የሚቀዳበት አንድ መስመር ተገኘ። ዛሬ ዳንኤል ያዕቆብ የመሠረተው ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ኪማን በተባለው ፕሮግራም በኩል የሚያቀርበው የአማርኛ መክተቢያ የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚያመጣ የሚወስነው ሕግ ሳይቀር ለሁሉ የተገለጠ ነው።

ለዚህ ሥራ ጉልበቱን ሊሰጥ የሚፈልግ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ዶማውን ተደግፎ መቆም ነው። ወይም ቋጥኙን ልቅደድ ይላል። እኔ የምለው ከወደቅህበት ጀምር ነው። ፕሮግራሙን ተጠቀምበት፤ ሲያደናቅፍህ ምን እንዳደረግህ፣ ምን እንደጠበቅህ፣ ምን እንደመጣ፣ የትኛው ቅጂ እንደሆነ ጻፍ። ሌላ ሰው ቀድሞ አስመዝግቦት እንደሆነ ፈልግ። ብዙ ፕሮጀክቶች ለአዲስ ሰው የሚሆን ሥራ ምልክት አድርገው ያስቀምጣሉ፤ ሁለት ክንዷ ደለል እሷ ናት። የራስህን ቅጂ ወስደህ ትንሿን ነገር አስተካክልና ላክ። ይህን ፑል ሪኩዌስት ይሉታል። ይመለስልሃል፤ "ከውስጥ ድፈነው" ይሉሃል። አስተካክለህ እንደገና ላክ። አንዳንዱ እዚህ ላይ ተቀይሞ ማሻሻያውን በራሱ ቅጂ ውስጥ ይዞት ይቀራል። ያሳዝነኛል፤ የራሱን ማሳ ብቻ አጠጥቶ ቦዩን እንደ ተበሳ መተው ነውና፣ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ያንኑ ቀዳዳ ሲደፍን ይኖራል።

የእኛ ሰው ደግሞ ሌላው ዓለም በልምድ የሚዘላቸውን ቀዳዳዎች ያያል። የቀን መቁጠሪያው ለጳጉሜን 13ኛ ቦታ አልሰጠ ይሆናል። ሰዓቱ ጠዋትን ከአንድ ሰዓት መቁጠር አይችል ይሆናል። "ፀሐይ" ብለህ ስትፈልግ "ጸሀይ" ተብሎ የተጻፈውን አያገኘው ይሆናል። ይህን ሩቅ አገር ያለ ጎበዝ ፕሮግራመር ሊያየው አይችልም፤ እግሩ አልገባበትማ። ያስተዋለ ሰው አንድ አንቀጽ ቢጽፍለት ግን ያስተካክለዋል።

ኮድ የማይጽፍ ሰውም ቦታ አለው። የሞዚላ ፕሮጀክት የሆነው ኮመን ቮይስ፣ ሰው በገዛ ድምፁ አጭር ዓረፍተ ነገር እያነበበ የሚለግስበት ነው፤ አማርኛም አለበት። ሌላ ሰው ያዳምጥና ትክክል ነው ወይም አይደለም ይላል። የተሰበሰበው ድምፅ ማሽን ንግግር እንዲያውቅ ለሚሠሩ ሁሉ በነፃ ይሰጣል። የቦረና ሰው አነጋገር የራሱ ለዛ አለው። መካነ ሰላም ላይ አንዲት ልጅ ስልኳን ይዛ አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፤ ተሳስታ ከሆነ ትደግመዋለች።