ጠረጴዛውን ማን ሠራው?

ጥያቄው ተራ ይመስላል። አምና የእንቁጣጣሽ ለት እቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ጠይቆኝ ነበር፤ እኔም ሳላመነታ መልሼአለሁ። ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ብጠየቅ ግን ቶሎ የምመልስ አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ በዚች ጽሑፍ ላስረዳ። አንባቢ ሆይ፣ «ስለ ጠረጴዛ እግር ደግሞ ምን ፍልስፍና አለ!» ብለህ ገጹን ከመግለጥህ በፊት ጥቂት ታገሠኝ።

ቤታችን የካ ነው፤ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ሲወጣ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሽታ ከነነፋሱ በመስኮት የሚገባበት ሰፈር። አምና ታናሽ እኅቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ነበር። የምታጠናው አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነው። ጠረጴዛ መግዛት የእናታችን ቦርሳ የሚችለው አልሆነም። ስለዚህ በክረምቱ ዕረፍት «እኔ እሠራልሻለሁ» ብዬ ተነሣሁ። ሾላ ገበያ ወርጄ አምስት የባሕር ዛፍ ጣውላ ገዛሁ፤ እርጥብ ስለነበር ረከሰልኝ። ከጎረቤት መጋዝና መላጊያ ተዋስኩ። ጣውላዎቹን ጎን ለጎን በኮላ አጣበቅኋቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸኋቸው፤ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሚያኮራ ገበታ ወጣው።

እግሩ ላይ ስደርስ ግን ሙያዬ አለቀ። ከሞራሌ ከቆረጥኳቸው አራት እግሮች ሦስቱ ሲቆሙ አራተኛው ይንጠለጠላል። ለማስተካከል የረዘሙትን ስቆርጥ የቆረጥኩት ደግሞ ያጥራል፤ ጠረጴዛው ቀስ በቀስ ወደ በርጩማነት መውረድ ጀመረ። እናቴ አየችና «ተወው ልጄ፣ ለኔ የምጣድ ማስቀመጫ ይሆነኛል» አለችኝ። ያን ጊዜ የብረት እግር ላሠራለት ቆረጥኩ።

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ከሚሠሩት በያጆች አንዱ ዘንድ ገበታዬን ተሸክሜ ሄድኩ። ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ቱቦላሬ ብረት ለክተው ቆረጡ፤ ሁለት ሁለቱን እግር ከላይ በአንድ አግዳሚ ብረት አያያዙና በየዱት። ገበታው በወርዱ በሁለቱ አግዳሚዎች ላይ ተጋድሞ በብሎን ይታሰራል ማለት ነው። ለመብሳት ሲሉ ግን ቆም አሉ። ጣውላውን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት፣ አሸተቱትም። «ልጄ፣ ይኸ እንጨት ገና እርጥብ ነው፤ ይሄዳል። ቀዳዳውን ሞላላ ላድርግልህ» አሉኝ። ተጨማሪ ዋጋ አልጠሩም፤ የሚጨምረው የመሞረዱ ጊዜ ብቻ ነው።

እኔስ ምን አልኩ? «ግዴለም ጋሼ፣ የሚለጠጠው ብረት ነው እንጂ እንጨት አይደለም፤ ፊዚክስ ላይ ተምረነዋል።» በትሕትና ነው ያልኩት። አንቱታዬም ፈገግታዬም አልጎደለም። እሳቸውም «እሺ፣ እንዳልክ» አሉና በትራፓኖ ክብ ክብ ቀዳዳ በሱ። ብሎኑን እኔው ራሴ፣ ዳዶው እስኪጮህ ድረስ አጠበቅሁት።

እንቁጣጣሽ መጣ። ቄጤማው ተጎዘጎዘ፣ ቡናው ተፈላ፣ እንግዳው ገበታውን በመዳፉ እየዳሰሰ «ይኸን ማን ሠራው?» አለ። «እኔ» አልኩ። «እግሩንም?» ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም ሳልጠየቅ አልተናገርኩም።

ኅዳር ላይ፣ ደረቁ የእንጦጦ ነፋስ ሲነፍስ በሰነበተበት ሰሞን፣ አንድ ሌሊት «ጧ!» የሚል ድምፅ ቀሰቀሰን። እኅቴ መብራት አበራች። ገበታው ከዳር እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው ቃል «ያ በያጅ አበላሸብኝ!» የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ አንቱታውም ጋሼውም በአንድ ሌሊት ጠፉ። እናቴ ከአልጋዋ ሳትነሣ «ሲያምር ያንተ፣ ሲሰነጠቅ የሰውዬው ሆነ?» አለችኝ። እንቅልፍ የነሣኝ ከስንጥቁ ይልቅ ይኸ ቃል ነው።

በነጋታው መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመርኩ። እንጨት ከተቆረጠም በኋላ ከአየሩ እርጥበት ሲቀበልና ሲመልስ ይኖራል። በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን በክረምት ይሰፋል፣ በበጋ ይጠባል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ አብዝተው ከሚኮማተሩትና ከሚጣመሙት እንጨቶች አንዱ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ብረት ግን በ20 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት የሚለጠጠው የአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ እርጥቡ ገበታ ሲደርቅ በብዙ ሚሊ ሜትር ልጥበብ ይላል፣ ብረቱ አልንቀሳቀስም ይላል፣ ጠባቧ ክብ ቀዳዳ ብሎኑን አንቃ ይዛለች፤ የሚቀረው መሰንጠቅ ነው። ቀዳዳው ሞላላ ቢሆን ኖሮ ብሎኑ እንደያዘ እንጨቱ ወዲያና ወዲህ ለማለት ቦታ ባገኘ ነበር። ፊዚክስ አልዋሸም፤ ብረት በሙቀት ይለጠጣል። ያነበብኩት እውነት ነው፤ በዚያ ሰዓት ከዚያ ጣውላ ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። «ይሄዳል» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ የነበረውን ዕውቀት እኔ ያገኘሁት ከስንጥቁ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። ጠረጴዛውን ማን ሠራው?

ነገሩን በዶርም ሳነሣው አንድ ጓደኛዬ «ከፍለሃል አይደል? ዕዳህ እዚያው አለቀ» አለኝ። እውነት ነው፣ ከፍያለሁ። ነገር ግን ገንዘቡ የገዛው ብረቱን፣ ኤሌክትሮዱንና የግማሽ ቀን ጉልበታቸውን ነው። «ቀዳዳውን ሞላላ ላድርግልህ» የሚለው ቃል በሒሳቡ ውስጥ አልነበረም። ያ በነፃ የተሰጠኝ ነበር፤ በነፃ የተሰጠኝንም መልሼ ጣልኩት። ያልተቀበሉትን ነገር ከፍያለሁ ማለት አይቻልም።

ሌላው ጓደኛዬ ፍልስፍና ይወዳልና ፕላቶን ጠራብኝ። ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ በአሥረኛው ክፍል ለምሳሌ ያነሣው አልጋንና ጠረጴዛን ነው። እውነተኛው አልጋ ሐሳቡ ነው፤ አናጢው የሚሠራው ያንን ሐሳብ እያየ ነው፤ ሠዓሊው ደግሞ የአናጢውን ሥራ ይቀዳል። እዚያው ላይ ስለ ዕቃ ሁሉ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ዕቃውን የሚያውቀው የሚገለገልበት ሰው ነው፤ ዋሽንት ነፊው ለዋሽንት ሠሪው ይነግረዋል፣ ሠሪውም ሰምቶ ያምናል። «ስለዚህ» አለኝ ጓደኛዬ፣ «ሐሳቡ ያንተ፣ ተገልጋይዋ እኅትህ፤ በያጁ ታዛዥ እጅ ነው።»

ይኸ ግማሹ እውነት ነው። ጠረጴዛው ምን ያህል ቁመት እንደሚያስፈልገው፣ የእኅቴ ጉልበት የት ላይ እንደሚያርፍ በያጁ ሊያውቁ አይችሉም፤ መስማት ነበረባቸው፣ ሰሙም። ግን እርጥብ ባሕር ዛፍ ኅዳር ላይ ምን እንደሚሆን ተገልጋይዋ አታውቅም፤ ሐሳቡም አያውቅም። በሐሳብ ዓለም ያለው ጠረጴዛ አይረጥብም፣ አይደርቅም። የየካው ጠረጴዛ ግን በጋና ክረምት አለበት። ስለዚህ ሰሚነት በተራ ነው። ዋሽንት ነፊው ተናግሮ ሲያበቃ ሸምበቆውን የሚያውቀው ደግሞ ይናገራል።

ሦስተኛ መልስም አለ። «ሁሉም ሠርቶታል» የሚል። ባሕር ዛፉ ራሱ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ በምኒልክ ዘመን በዚህ ምድር የተተከለ እንግዳ ነው። እንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደነበር፣ ከተማውን ባለበት ካቆዩት ነገሮች አንዱ ይኸው ዛፍ እንደሆነ እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ ስንት እናት ከእንጦጦ ጫካ የጀርባዋን እጥፍ ሸክም ይዛ ቁልቁል ወርዳለች! ያመጣውን፣ የተከለውን፣ የቆረጠውን፣ የተሸከመውን፣ ማዕድኑን ያቀለጠውን ብንቆጥር ሰልፉ ማለቂያ የለውም። ግን እፈራለሁ። ሁሉም ሠርቶታል ማለት ማንም አልሠራውም ከማለት አይርቅም። ስብሰባ ላይ «ሁላችንም ጥፋተኞች ነን» ሲባል ማንም እንደማይጠየቀው ማለት ነው።

እኔ የደረስኩበት ይኸ ነው። ሠሪ ማለት ለሥራው የሚጠየቅ ነው። ሲያምር ስሙን የሚሰጥ ብቻ ሳይሆን ሲሰነጠቅም «እኔ ነኝ» የሚል። በዚህ ሚዛን ስንመዝነው ያ በያጅ ብሎኑ ሳይገባ ገና ሠሪ ሆነው ነበር። ጣውላውን አሽትተው ስለ ኅዳር ሲጨነቁ፣ ያልተከፈሉበትን ሰዓት ለመሞረድ ሲነሡ፣ ጠረጴዛውን የራሳቸው ሥራ አድርገውት ነበር። ከሠሪነት ወደ ተራ እጅነት ያወረድኳቸው እኔ ነኝ። ስድብ አላስፈለገኝም፤ «ግዴለም ጋሼ» በቂ ነበር።

እዚህ ላይ ታሪካችንን ማንሣት ግድ ነው። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው ምን ሲባል እንደኖረ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ማረሻውን ከሠራለት ሰው ጋር በአንድ ማዕድ የማይቀርብ ገበሬ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል፤ የተሳደበም እሳቸውን እንደሰደበ እንዲቆጠር፣ ደግሞ ሲሳደብ የተገኘም እንዲታሠር ደንግገዋል። ትልቅ አዋጅ ነው። አዋጅ ግን የሚደርሰው እስከ ምላስ ነው። እኛ የተማርነው ስድቡን ትተናል፤ «ባለሙያ» እንላለን፣ «አንቱ» እንላለን፣ በሠራተኞች ቀን ስለ ላብ ግጥም እናነባለን። ታዲያ ሰውዬው ስለ ገዛ ሥራው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲናገር ፈገግ ብለን እናልፈዋለን። እጁን ተቀብሎ ቃሉን መመለስ፤ አዲሱ ንቀት ይኸ ይመስለኛል። ከድሮው የሚከፋው ንቀትነቱ ለናቂው እንኳ ስለማይታየው ነው።

«እንግዲያው የእጅ ባለሙያ ያለው ሁሉ ትክክል ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። የሚሳሳት በያጅ አለ፣ የሚያታልልም አለ፤ ተሳስቶ የሚያስተምር መምህር እንዳለ ሁሉ። መስማት ማለት መታዘዝ ማለት አይደለም። የኔ ጥፋት በሳቸው ሐሳብ አለመስማማቴ አልነበረም፤ «ለምን ጋሼ?» አለማለቴ ነው። መምህሬ ቢናገሩት ኖሮ እጄን አውጥቼ እጠይቅ ነበር። መጠየቅም ክብር ነው፤ የሚጠየቅ ሰው እንደሚያውቅ ታምኖበታልና።

ከየካ ተራራ ላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤልን ያየ ያውቃል፤ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ መቅደስ ነው፤ ግድግዳውም ዓምዱም ያው አንድ ድንጋይ። እንዲያ ያለ ሥራ መጋጠሚያ የለውምና ስለ መጋጠሚያ አያስጨንቅም። የቀረው ሥራችን ግን ሁሉ ግጥሚያ ነው፤ እንጨት ከብረት፣ የተማረ ካልተማረ፣ ሐሳብ ከእጅ። ከጓደኞቻችን ውስጥ ነገ መሐንዲስ የሚሆን፣ ሐኪም የሚሆን፣ በግብርና ጣቢያ የሚመደብ አለ። የመሐንዲሱን ግንበኛ፣ የሐኪሙን አስታማሚ፣ የግብርና ባለሙያውን ገበሬ አስቡ። የኔ ስንጥቅ የጠረጴዛ ነው፤ የነሱ የድልድይ ወይም የሰው ሊሆን ይችላል።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላል ያገራችን ሰው። ታኅሣሥ ላይ ገበታውን ከነእግሩ ተሸክሜ ተመለስኩ። «ጋሼ፣ ያሉኝ ደረሰ» አልኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ስንጥቁን በጣታቸው ተከትለው «እዚህ ላይ ቆማለች፤ ከዚህ አትዘልም» አሉ። ከዚያ ሞረድ አንሥተው አንዱን ቀዳዳ አሳዩኝ፣ የቀሩትን ሰባት «በል አንተ» አሉኝ። እጄ ውኃ እስኪቋጥር ሞረድኩ። ሰፊ ሮንዴላ አስገቡና ዳዶውን አጥብቀው ትንሽ መለስ አደረጉት። «ይያዝ እንጂ አይታነቅ» አሉኝ። ለሥራቸው የጠየቁትን ከፈልኩ።

እኅቴ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ጠረጴዛ ላይ አጥንታ ተፈተነች። ስንጥቁ አሁንም አለ። በክረምት ፀጉር ያክላል፤ በበጋ ስሙኒ ያስገባል። ከዚያ አልዘለለም። እኅቴ እርሳሷ እንዳይሾልክ ደብተር ትጋርድበታለች። ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ላይም እንግዳ መጣ፤ ገበታውን ዳሰሰና ያንኑ ጠየቀ። «ጣውላውን እኔ፣ እግሩን አንድ የኮተቤ መንገድ በያጅ፣ ስንጥቁን ደግሞ እኔ ብቻዬን» አልኩት። እናቴ ቡናውን እየቀዳች ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም።